የሆቴል ቴሌቪዥን በአራተኛው ደቂቃ ለምን ይቆማል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አዳዲስ ሆቴሎች ለየክፍሉ የዲሽ ገመድ መዘርጋቱን ትተው ቻናሎቹን በኔትወርክ ገመድ ማሠራጨት ይዘዋል። ምስሉ ሲቆራረጥ ታዲያ የሚወቀሰው ኢንተርኔቱ ነው። ቻናሎቹ የሚነሡት ጣሪያው ላይ ካለው ዲሽ ስለሆነ የኢንተርኔት ፍጥነት መጨመር የሚፈይደው ነገር የለም። መታየት ያለበት ስዊቹ፣ ማለትም የኔትወርክ ገመዶቹ ተሰክተውበት ሥርጭቱን ወደየክፍሉ የሚያከፋፍለው መሣሪያ ነው።

ቻናሎቹ የሚላኩት በመልቲካስት፣ ማለትም አንድን ሥርጭት በአንድ ጊዜ ለብዙ ተቀባዮች በማድረስ ዘዴ ነው። ስዊች ካልተነገረው በስተቀር መልቲካስትን ወደ ሁሉም ፖርት (የገመድ መሰኪያ) ይረጫል። 40 ቻናል እያንዳንዱ 6 ሜጋ ቢት በሰከንድ ቢሆን 240 ይመጣል። የብዙ ቴሌቪዥኖች የኔትወርክ ፖርት ደግሞ የሚችለው 100 ብቻ ነው። መፍትሔው አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ይባላል፤ ስዊቹ የቴሌቪዥኑን የቻናል ጥያቄ አዳምጦ ለጠየቀው ፖርት ብቻ ይልካል።

ብዙ የኔትወርክ ገጣጣሚዎች ስኑፒንጉን ከፍተው ሥራው አለቀ ይላሉ። ሲሞከር ሁሉም ያምራል፤ ከአራት ደቂቃ ጥቂት አልፎ ምስሉ ቀጥ ይላል። ቻናል ቀይረው ሲመለሱ ይሠራል፣ ደግሞ ይቆማል። ይህ ምልክት ከታየ ኩዌሪየር የለም ማለት ነው። ኩዌሪየር በየ125 ሰከንዱ «ይህን ቻናል አሁንም የሚፈልግ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ የስዊች ተግባር ነው። ጠያቂ ከሌለ ቴሌቪዥኑም አይመልስም፤ ስዊቹም 260 ሰከንድ ጠብቆ ፖርቱን ከመዝገቡ ይሰርዛል። አንዳንዱ ስዊች ከዚያ በኋላ ሥርጭቱን ያቆማል፣ አንዳንዱ መልሶ ለሁሉም ይረጫል።

ስለዚህ ለቴሌቪዥኑ በተለየው ቪላን (በስዊቹ ውስጥ ለብቻው የተከፈለ ኔትወርክ) ላይ፣ በዋናው ስዊች፣ ኩዌሪየር ይከፈት፤ ለቪላኑም አይፒ አድራሻ (የኔትወርክ መለያ ቁጥር) ይሰጠው። ሁለት ኩዌሪየር ከተገናኙ ትንሹ አይፒ ያለው ያሸንፋልና ዋናው ስዊች አነስተኛውን ቁጥር ይያዝ። ቻናሎቹን የሚያመነጨው መሣሪያም እዚያው ዋናው ስዊች ላይ ይሰካ። ፎቅ ላይ ባለ ስዊች ከተሰካ፣ አንድም ተመልካች ባይኖር 240 ሜጋ ቢቱ በሙሉ ወደ ኩዌሪየሩ አቅጣጫ ይፈሳል፤ ይህን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

የቻናል አድራሻ አመራረጥም ያሳስታል። 32 የመልቲካስት አይፒዎች አንድ የማክ አድራሻ (ስዊች መዳረሻን የሚለይበት ሌላ ቁጥር) ይጋራሉ። 239.0.0.5 ከ224.0.0.5 ጋር አንድ ማክ ላይ ያርፋል፤ በ224.0.0 የሚጀምሩትን ደግሞ ስዊች ምንጊዜም ለሁሉም ይልካቸዋል። በማክ የሚሠራ ስዊች ሁለቱን ስለማይለይ ስኑፒንጉ ከንቱ ይሆናል። ከ239.10.1.1 ጀምሮ ቢሰጥ ይህ አይደርስም።

ፈጣን መልቀቂያ የሚባለው ቅንብር ቻናል ሲቀየር የቀድሞው ወዲያው እንዲቋረጥ ያደርጋል። የሚከፈተው ግን ፖርቱ ላይ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ካለ ነው። በትንሽ ስዊች ሁለት ቴሌቪዥን ከተሰካበት፣ አንዱ ቻናል ሲቀይር ያንኑ የሚያየው ጎረቤቱ ይቋረጥበታል። ዋይፋዩ በሌላ ቪላን ይሁን፤ መልቲካስት እዚያ በዝቅተኛው ፍጥነት ስለሚላክ አየሩን ይይዛል።

የሆቴል ባለቤቶች ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቴሌቪዥን ቻናሉ ሳይነካ 10 ደቂቃ ይከፈት። ገጣጣሚውም የዚያን ፖርት ንባብ በስዊቹ ላይ ያሳያችሁ፦ ወደ 6 ሜጋ ቢት ካነበበ ፈርሙ፤ 90 እና ከዚያ በላይ ካነበበ ክፍያውን አቆዩት።

ከአክብሮት ጋር
የኔትወርክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ