ቀዩን እርስዎ ይምረጡልኝ

ጅማ፣ ነሐሴ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ እንዴት አደረገልዎ? እታለም ደውላ «ፋሻው ገና ከመነሳቱ ጋዜጣ አምጪልኝ አሉ» ስትለን እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዝናቡ ብቻ እንደ ልማዱ አላስወጣ ብሎናል፤ የአዌቱ ወንዝም ደፍርሶ ሞልቶ ይወርዳል። እማዬ «ያለ አባትሽ ቡናው አይጥመኝም» እያለች ታማርራለች፤ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ግን አታስቀርም።

ባለፈው በስልክ የያዝኩትን ሥራ፣ ትንሽ የፕላስቲክ ሞዴል መኪና ገጣጥሜ ልቀባ መሆኑን፣ ስነግርዎ «ይሄ የልጅ መጫወቻ አይደለም ወይ? አንቺ ሴትዮ መቼ ነው የምታድጊው?» ብለው ሳቁብኝ። መሳቅዎ ደስ ብሎኛል። ላስረዳዎት ስጀምር ግን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አላግባባን አለ፣ ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብዬ ተቀመጥኩ። ደግሞም የማስቸግርዎት ነገር አለኝ፣ እሱን መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ።

መኪናውን ያውቁታል። ጋራዡ ውስጥ ከኮምፕሬሰሩ በላይ የተሰቀለውን የዳትሰን ካላንደር ያስታውሱታል? ዓመቱ ካለፈ በኋላም ማንም ያላወረደውን፣ ጠርዙን ዘይት የበላውን? ያ ኮፈኑ ጥቁር፣ ሌላው ቀይ የሆነ፣ እስከ መስኮቱ ጭቃ የለበሰ መኪና ነው። ዳትሰን 240ዜድ፣ የጃፓን የስፖርት መኪና። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963 ዓ.ም. ኤድጋር ሄርማንና ሃንስ ሹለር ያሸነፉበት፤ በሩ ላይ 11 ቁጥር ያለበት። ሄርማን ኬንያ የሚኖር ጀርመናዊ ነበር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም በሌላ ዳትሰን አሸንፎ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ኡጋንዳ የተወለደው ሼካር መህታ በዚሁ በ240ዜድ ደገመው። እርስዎ በዚያን ጊዜ ገና ብርጭቆ ወረቀት የሚያቀብሉ የመኪና ቀቢ ረዳት ነበሩ፤ ወሬውን በሬዲዮ እንደሰሙት ስንት ጊዜ አጫውተውኛል። የስፖርት መኪና ማለት መንገዱ እንደ መስተዋት በለሰለሰ አገር የሚነዳ የሀብታም ዕቃ ይመስለኝ የነበረውን ሐሳብ ያስጣለኝ ያ ሥዕል ነው።

የዚያን መኪና ሞዴል በሳጥን ያመጣልኝ ጃፓን ተምሮ የተመለሰ ባልደረባዬ ነው። መጫወቻ ነው ብለው ቢከፍቱት ውስጡ መኪና የለም። ወለሉ፣ ቸርኬው፣ መሪው፣ መቀመጫው፣ ፓራውልቱ፣ ሁሉም ለየብቻው ከፕላስቲክ ዘንግ ጋር ተያይዞ ተቀምጧል። እሱን በፒንሳ መቁረጥ፣ የተቆረጠበትን ጠባሳ በምላጭ መላጨት፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዚያ መግጠም ነው። ማጣበቂያው እኛ የምናውቀው ዓይነት አይደለም፤ ፕላስቲኩን ራሱን አሟሙቶ ሁለቱን ክፍል አንድ ያደርጋቸዋል። ብየዳ ነው ማለት ይቻላል፣ እሳት የሌለው። መስታወቱ ላይ ግን ማስጠጋት ክልክል ነው፤ ጭጋግ ያለብሰዋል። ለመስታወት ነጩ የእንጨት ኮላ ይሻላል፣ ሲደርቅ ጥርት ይላል። ሞተር የለውም፣ ኮፈኑም አይከፈትም። ይህን ሲሰሙ ፊትዎን እንደሚያጨማድዱ አውቃለሁ፤ ግን እርስዎ መቼ ሞተር ነክተው ያውቃሉ? «ከኮፈኑ በታች ያለው የሌላ ሰው እንጀራ ነው» ሲሉ አልነበር?

ሳጥኑ የወጣበት ሺዙኦካ የሚባለው የጃፓን ግዛት የሞዴል ሠሪዎች መናኸሪያ ነው። እዚያ ካሉት ስመ ጥሩው ኩባንያ ታሚያ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲቋቋም ሥራው እንጨት ነበር። መጀመሪያ ከእንጨት ሞዴል ሠራ፤ ወደ ፕላስቲክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ይህን ሳነብ የእኛ በርጩማ ጠራቢዎች ትዝ አሉኝ። አንድ ግንድ ዋንዛ ይዘው ያለ ምስማር እንዲያ የሚጠበቡ ሰዎች፣ አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «እስቲ ትንሽ መኪና ጥረቡ» ቢላቸው ምን ያወጡ ነበር? ይህ እንኳ ሌላ ወሬ ነው፣ ሲመጡ እንጨዋወትበታለን።

አሁን እርስዎን ወደሚመለከተው ልግባ። ልኩ 1 ለ24 ነው። ከ4 ሜትር ጥቂት የሚያልፈው መኪና 17 ሳንቲ ሜትር ሆኗል፤ ከእጅ አንጓዎ እስከ መሐል ጣትዎ ጫፍ ቢለኩት ያው ነው። መኪናው ሲያንስ ታዲያ ቀለሙ አብሮ አያንስም! አንድ ሙሉ ቀለም ከነመሠረቱ፣ ከሥሩ ከሚረጨው ጋር፣ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ በዚህ ልክ ሲታሰብ እውነተኛ መኪና ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ቀለም እንደ መከመር ነው። እርስዎ በሩንና ፓራፋንጎውን ሲያስተካክሉ የሚተዉት የ4 ወይም የ5 ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ እዚህ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ እጅ ወፈር አድርጎ የረጨ ሰው በሩን ደፈነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ከቀለሙ በፊት የበሩን መስመር በስለት ጫፍ ቀስ ብዬ ጠለቅ ያደረግሁት።

ስለዚህ «እርጥብ ሆኖ ያልተኛ ቀለም፣ ቀለም አይባልም» የሚለው ሕግዎ እዚህ ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ እንደ ጉም ስስ አድርጎ መርጨት፣ ማስደረቅ፣ እንደገና ስስ፤ እርጥቡ የሚመጣው በመጨረሻው እጅ ነው፣ እሱም በልክ። ሌላም ምክንያት አለው። የጋራዡ ቲነር ኃይለኛ ስለሆነ ራቁቱን ያገኘውን እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ይበላዋል፤ ላዩ ይሰነጣጠቃል። መሠረቱ በደንብ ሳይደርቅ የመኪና ቀለሙን፣ ዱኮውን፣ ማስጠጋት አይቻልም። የቀረው ሕግዎ ግን እንዳለ ነው። ማጠብ፣ በውሃ መፈግፈግ፣ ከታጠበ በኋላ በባዶ ጣት አለመንካት፣ ጥግ ጥጉን ቀድሞ ሜዳውን በኋላ መርጨት፣ እጅን ከመኪናው ውጭ ጀምሮ ከመኪናው ውጭ መጨረስ። አንድም የጨመርኩበት የለም።

አየሩን ከየት አመጣሽ ይሉኛል። ከጋራዥዎ ነዋ! ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ እየሄድኩ ከኮምፕሬሰሩ እቀዳለሁ። የእኔዋ ትንሿ መርጫ፣ ኤርብራሽ የሚሏት፣ አንድ ወይም አንድ ተኩል ባር ይበቃታል፤ የእናንተው ትልቁ መርጫ በሚሠራበት ግፊት ብትሠራ ቀለሙን ሁሉ በትና ትጨርሰዋለች። ልጆቹ መጀመሪያ ቀን «ሊብሬዋን ይዘሻል?» «ተረካቢው መቼ ይምጣ?» እያሉ ቀለዱብኝ። አለቃቸው ግን፣ ከእርስዎ ጋር የሠራው፣ መነጽሩን አድርጎ ገላዋን አገላብጦ አየና «እዚህ ጋ መስመር ቀርቷል» አለኝ፤ ብርጭቆ ወረቀቱንም ከእጄ ተቀብሎ ተቀመጠ። አላስመለሰልኝም። «የጋሼ ልጅ» እንጂ በስሜ የሚጠራኝ የለም እዚያ፣ ይህንንም ይወቁት።

ደግሞ ዝናቡ አለ። ቲነር ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል፣ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም ገና ባልደረቀው ቀለም ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ የሚያምረው ቀይ ነጭ ጭጋግ ለብሶ ይነሳል። በነሐሴ ጅማ ላይ ቀለም መርጨት ማለት ይህን እያወቁ መግባት ነው። ደንበኞቹ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነና ነው የማይረጨው?» እያሉ ሲነጫነጩ እርስዎ ደጃፉ ላይ ሆነው ወደ ጅሬን ተራራ የሚያዩት ነገር አሁን ገብቶኛል። እኔም ያንኑ እያደረግሁ ነው። ፀሐይ ወጥታ ግቢው ደረቅ እስኪል እጠብቃለሁ፣ ካልሆነ እቃዬን ሰብስቤ ወደ ቤት። ቤት ውስጥማ ደፍሬ አልሞክርም፤ አንድ ቀን የቲነሩን ክዳን ከፍቼ ብረሳ እማዬ «አባትሽን ሠላሳ ዓመት አሸትቼዋለሁ፣ አንቺን ደግሞ አልጀምርም» አለችኝ።

የቀረኝ ቀዩ ነው፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ቀይ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለእርስዎ አይነገርም፤ ስስ ነው፣ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ግራጫ መሠረት ላይ ይጠቁራል፣ ነጭ ላይ ይፈካል፣ ቢጫ ላይ ወደ ብርቱካን ይሄዳል፣ ሐምራዊ ሮዝ ላይ ደግሞ ሞቅ ይላል። የካላንደሩ ቀይ የቱ ነበር? ኢንተርኔት ላይ ያሉት ፎቶዎች አንዱ ከአንዱ አይገጥሙም፤ የሳጥኑ መመሪያም የራሱን የቀለም ቁጥር ነው የሚሰጠው፣ ያ ቀለም ደግሞ ጅማ የለም። ከመርካቶ ያገኘኋቸውን ቀዮች በተለያየ መሠረት ላይ እየቀላቀልኩ የፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ረጨኋቸው። የማንኪያ ጀርባ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ብርሃኑ ሲንሸራተትበት እንደ ፓራፋንጎ ያሳያል፤ ሞዴል ሠሪዎች ሁሉ የሚያደርጉት ነው።

እኔ ልመርጥ እችል ነበር። ግን ያንን መኪና በየቀኑ ሲያዩት የኖሩት እርስዎ ነዎት፣ የትኛው ቀይ እንደሆነም የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። «ዓይኔ ቀለም መለየት ትቶ ነው ሥራውን የተውኩት፣ ከእንግዲህ እኔን ስለ ቀለም አትጠይቁኝ» እንዳሉም አልረሳሁም። አባባ፣ የደከመው እኮ ሙያዎ አልነበረም። የዓይን ሞራ የዓይኑን ሌንስ ቢጫ፣ ሲብስም ቡናማ ያደርገዋል፤ ሰውዬው ዓለሙን በዚያ ቢጫ ውስጥ ነው የሚያየው። ነጩ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሰማያዊው ይደበዝዛል፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላውና ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ቀይ አይለዩም። ያ ነገር አሁን ከአንዱ ዓይንዎ ወጥቷል። ከፈለጉ ይሞክሩት፤ ነጭ ግድግዳ ፊት ይቁሙና መጀመሪያ ያልተሠራውን ዓይን፣ ቀጥሎ የተሠራውን በእጅዎ ይሸፍኑ። ልዩነቱን ራስዎ ያዩታል።

ማንኪያዎቹን ይህን ደብዳቤ ባመጣልዎ ሰው እጅ ልኬያለሁ። እጀታቸው ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያልኩ ጽፌባቸዋለሁ። በአምፖል እንዳያዩዋቸው፣ ጠዋት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይዋ ቀጥታ ሳታርፍባቸው፣ በተሠራው ዓይን ብቻ። ፊደሉን በስልክ ይንገሩኝ። አንዳቸውም ካልሆኑ ደግሞ «ጥቁር ጠብ አድርጊበት» ወይም «ቢጫ ጨምሪ» ይበሉኝ፣ እንደ ድሮው። ጥቁሩን ኮፈን በራሴ እጨርሰዋለሁ፤ የሚያብለጨልጭ እንዳይሆን፣ ነጂውን ፀሐይ እንዳይመታው ተብሎ የተቀባ ነውና ማት ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልንገርዎ፣ ኋላ አይተው እንዳይቆጡ። መኪናውን ቀብቼ፣ ቁጥሮቹን ለጥፌ፣ በፖሊሽ ካብለጨለጭኩት በኋላ ጭቃ ልቀባው ነው። ከጅሬን መውጫ ቀይ አፈር አምጥቼ አድርቄዋለሁ፤ በናይለን ካልሲ ደጋግሜ ነፍቼዋለሁ፣ ምክንያቱም በዓይን የማይያዝ አሸዋ እንኳ በዚህ ልክ ጠጠር ሆኖ ይታያል። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ አቧራ ከቀለም ሲያርቁ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ይህ ግፍ እንደሚመስልዎ አውቃለሁ። እማዬም ካሁኑ ከእርስዎ ወገን ናት። እኔ ግን ሳፋሪን ያሸነፈ መኪና ከመስኮት የወረደ ሸቀጥ መስሎ እንዲቆም አልፈልግም፤ ካላንደሩ ላይም ታጥቦ አልነበረም። ከተከራከሩኝ እስቲ እንከራከር፣ ግን እዚህ መጥተው ፊት ለፊት።

የሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ መቼ እንደሆነ እታለም ቁርጡን ትንገረኝ፣ ለዚያ ሰሞን ፈቃድ እጠይቃለሁ። ማሩ የእማዬ ነው፣ ለብቻዎ ይሸሽጉት ብላለች። ማንኪያዎቹን ግን የእታለም ልጆች እጅ እንዳይገቡ አደራ፤ ቀለሙ ከአፍ ጋር አይስማማም፣ ደግሞም «ሐ»ን አጥበው ቢመልሱልኝ ድጋሚ አላገኘውም፣ ልኩን አልጻፍኩትም።

አክባሪ ልጅዎ