ከሱፒሪየር ሐይቅ ዳር፣ አሜሪካ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? የአባባ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ «ቤት እያለህ ዱር ለዱር ምን ያንከራትትሃል?» ብለሽ ስትቆጪኝ መስመሩ ተቋረጠ። በሙቀቱ ወራት ፈቃድ የሚያገኙት ነባሮቹ ናቸው፤ ለእኔ የደረሰኝ የጥቅምት ማብቂያ ነው። ቤት ተኝቼ ከማሳልፈው ብዬ ድንኳኔን ጫንኩና ብቻዬን ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ነዳሁ። ከዱሉዝ ከተማ ጀምሮ እስከ ካናዳ ድንበር ድረስ መንገዱ ሐይቁን ይዞ ይሄዳል።

ሐይቅ ስልሽ ጣናን አታስቢ። ሱፒሪየር 82,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ20 በላይ ጣና ይውጣል።

ድንኳን መትከያው ጭር ብሏል። ቧንቧው በብርድ እንዳይፈነዳ ስለሚዘጉት ውሃ በጀሪካን ይዣለሁ። የአጋዘን አደን ወቅት ስለሆነ ብርቱካንማ ሰደርያ ሳልለብስ አልንቀሳቀስም። ድብ እንዳይሸተው ምግቤን መኪና ውስጥ እቆልፋለሁ (ይህችን ለአባባ አታንብቢለት)። ሌሊት የተነፈስኩት በድንኳኑ ጣሪያ ላይ በረዶ ሠርቶ ያድርና ጠዋት ስነካው ፊቴ ላይ ይረግፋል። ያንን የላክሽልኝን ምጥን ሽሮ በትንሿ ጋዝ ምድጃ ሳንተከትከው ግን ብርዱም ይረሳኛል።

ልነግርሽ የፈለግኩት የኅዳር ልደታ ዕለት ያየሁትን ነው። በእነሱ ኖቬምበር 10 ቀን 1975፣ ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ የሚባል የብረት ማዕድን የጫነ መርከብ እዚሁ ሐይቅ ላይ በማዕበል ሰጥሞ 29 ሰው አለቀ። አስከሬናቸው ወጥቶ አልተቀበረም። በየዓመቱ በዚያ ቀን፣ ስፕሊት ሮክ የሚባል ገደል ላይ ካለው የመርከብ መብራት ማማ ዘንድ ተሰብስበው ስማቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ ደወል ይደውላሉ። 30ኛው ደወል በዚህና በአጎራባቾቹ ታላላቅ ሐይቆች ላይ ለቀሩት ሁሉ ነው። ከዚያ በ1969 ሥራ ያቆመውን መብራት ያበሩታል። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት በዚያ ብርድ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው የቆሙት።

በየመን ባሕር የቀረው የአክስቴ ልጅ ትዝ አለኝና እኔም ስሙን ጠራሁ። አክስቴ «አስከሬኑን ሳላይ ሞተ አልልም» ማለቷን አልፈርድባትም። አስከሬን ባይገኝም ፍትሐት ይደረግ እንደሆነ የነፍስ አባታችንን ጠይቂልኝ። እሷ እሺ ካለች ወጪው በእኔ ነው፤ እምቢ ካለች አትጫኛት።

የአባባን መድኃኒት መግዣ ሰኞ እልካለሁ። ሽሮው አልቋል፤ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ በርበሬም ጨምሩበት።

ናፋቂው ልጅሽ