ከምትክ ቤቱ ጋር መተዳደሪያውም ይታሰብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳንና አራት ኪሎን ይዞ የተጀመረው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ከደረሰ ወዲህ፣ አንዱ ወገን የመንገዱን ስፋት ብቻ፣ ሌላው የፈረሰውን ሠፈር ብቻ እያነሣ ይከራከራል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጥገና አጥተው የጎበጡት የቀበሌ ቤቶች እንዳሉ ይቆዩ ማለት ለድኃው ማሰብ ነው ብዬ አላምንም።

ቅሬታዬ ነዋሪዎቹ በሚነሡበት መንገድ ላይ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ትልቁ ሀብቱ ቤቱ ያለበት ቦታ ነበር። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ፣ ጉሊት ቸርችራ ወይም በየቤቱ ልብስ አጥባ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ደንበኞቿን በእግሯ ታገኛቸው ነበር፤ የካዛንቺስ ተነሺዎች ወደተዛወሩበት ወደ ከተማዋ ዳር ገላን ጉራ ስትገባ ቤቱ ከቀድሞው ቢሻላት እንኳ ደንበኞቿ አብረዋት አይሄዱም፣ ወደ መሐል ከተማ ልመለስ ብትልም የትራንስፖርቱ ወጪ ትርፏን ይበላዋል። የዕድሯ አባላት ደግሞ በየአቅጣጫው ከተበተኑ በሐዘኗ ቀን ድንኳን የሚተክልላት ማን ነው? አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለተነሺ ባለይዞታዎች የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ራሱ ካሳ የሚገባው ጉዳት መሆኑን ተቀብሏል፤ ይህ ዕውቅና ለተከራዩም ሊደርስ ይገባል።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ዕቅዱን ሳይተው ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። አንድ ሠፈር ከነዕድሩ ወደ አንድ ቦታ ይዛወር፤ የአውቶቡስ መስመሩ ነዋሪው ከመግባቱ በፊት ይዘርጋ፤ ተማሪ ያላቸው ቤተሰቦች የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ ይጠበቁ። ከሁሉም በላይ፣ በታደሱት መንገዶች ዳር ከሚሠሩት ሱቆች የተወሰኑት እዚያው ሲነግዱ ለኖሩት በሚችሉት ኪራይ ይሰጡ። ይህ ሥራውን ያጓትታል፣ ወጪም ያበዛል የሚል መልስ እንደሚሰጥ እገምታለሁ፤ ነገር ግን ሠርታ ታድር የነበረች እናት ገቢዋን አጥታ የከተማ ሴፍቲኔት የተባለው የድኆች ድጎማ ጠባቂ ብትሆን ወጪው የሚመለሰው ወደዚያው ወደ መንግሥት ነው።

ከቀበሌ ቤት ተከራይ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩትስ? ውሉ በስማቸው ስላልሆነ ምትክ ቤት የመጠየቂያ ሰነድ የላቸውም፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የባሱት ድኆችም እነርሱ ናቸው። አስተዳደሩ ወደ ቀጣዩ ሠፈር ከመግባቱ በፊት በውል የሚታወቀውን ተከራይ ብቻ ሳይሆን በቤቱ የሚያድረውን ሰው ሁሉ እንዲመዘግብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ