ሳትገምት አትጫን፦ የሒሳብ ክበብ በ2017

የትምህርት ቤታችን የሌሎቹ ክበባት ዘገባ ፎቶ አለው። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ማይክ ይዘው፣ የአካባቢ ጥበቃዎቹ ችግኝ ሲተክሉ። እኛን ፎቶ ብታነሱን የሚታየው ለሁለት ለሁለት ሆነው አንድ ካልኩሌተር ላይ ያጎነበሱ ልጆች ነው፤ ተዉት ብለናል።

ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራነው በሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ላይ ብቻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙ ልጆች ካልኩሌተር አላቸው። አንዱ ከታላቅ ወንድሙ ወርሶታል፣ ሌላዋ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ገዝታዋለች። የሚሠሩበት ግን መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ሌላው በተን ሁሉ ጌጥ ሆኖ ተቀምጧል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ጭንቅላታቸውን ትተህ ጣታቸውን ልታሠለጥን ነው?» አለኝ። ነገሩ እውነት አለው። ካልኩሌተር የያዘ ልጅ 7 ሲባዛ በ8ን ሲጫን አይቻለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ አወጣን፦ ሳትገምት አትጫን። ከጥንዶቹ አንዱ ይጫናል፣ ሌላው ከመጫኑ በፊት መልሱ ስንት አካባቢ እንደሚሆን ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። ካልኩሌተሩ ያልበቃን መሆኑ በዚህ ጠቀመን። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቢኖረን ኖሮ ሕጉን ማንም አያከብረውም ነበር።

ቀኑ ረቡዕ ከሰዓት ነው። መጀመሪያ ዓርብ ነበር ያሰብነው፣ ግን ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆቻችን ዓርብ ስንቅ ለማምጣት ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ እነሱ የሌሉበት ክበብ ደግሞ ግማሽ ክበብ ነው።

ጥቅምትን የጨረስነው በሞድ ነው፤ ካልኩሌተሩ ማዕዘንን በየትኛው መለኪያ እንደሚያነብ በሚወስነው። ሌላ ነገር ባንማር እንኳን ይህ ይበቃን ነበር። እስክሪኑ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ፊደል አለች፤ ዲ፣ አር ወይም ጂ። ዲ ዲግሪ፣ አር ራዲያን፣ ጂ ደግሞ ግራድ ማለት ነው። አንድ ሙሉ ዙር በዲግሪ 360፣ በራዲያን 2 ፓይ፣ በግራድ 400 ነው። ሳይን 30 በዲግሪ 0.5 ይሰጣል። በራዲያን ያው ሳይን 30 ኔጌቲቭ 0.988 ይሆናል። ካልኩሌተሩ አልተበላሸም፣ የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ይህን በወረቀት ብቻ ብናየው ይረሳ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ያለውን ትልቁን ባሕር ዛፍ ለካን። ከፕሮትራክተር፣ ከክርና ከአንድ ብሎን ማዕዘን መለኪያ ሠራን። ከዛፉ 20 ሜትር ርቀን ቆምን፣ ጫፉ በ42 ዲግሪ ታየን። የሚለካው ልጅ ዓይን ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ 20 ሲባዛ በታንጀንት 42፣ ሲደመር 1.5። መልሱ 19.5 ሜትር ገደማ ነው።

አንዱ ጥንድ ግን «ቲቸር፣ አርባ ሰባት ሜትር ሆነብን!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ካልኩሌተሩ ራዲያን ላይ ነበር። ይህ ስህተት ራሱን ያጋልጣል፣ ዛፉን ቀና ብሎ ያየ ሰው አያምነውም።

የሚያስፈራው ሌላው ነው። ሌላ ጥንድ 17 ሜትር አለ። ማንም አልሳቀም። 17 ሜትር ያለው ባሕር ዛፍ ሞልቷል፣ ግምታቸውም «ከ15 እስከ 25» ይል ስለነበር ቁጥሩ ውስጡ ገብቷል። ፊደሏን ስናይ ጂ ትላለች። ግራድ ከዲግሪ ብዙ ስለማይርቅ የሚሰጠው መልስ እውነት ይመስላል። ስለዚህ ግምት ብቻውን አይበቃም፣ ፊደሏንም ማየት ያስፈልጋል። አሁን ልጆቹ ካልኩሌተር ከሰው ሲዋሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሳይን 30ን መጫን ነው። 0.5 ካለ ይቀጥላሉ።

እንዴት ይመለሳል ለምትሉ፦ ብዙ ልጅ እጅ ላይ ያለው የካሲዮ ኤፍኤክስ-82ኤምኤስ ዓይነት ከሆነ ሞድን ሁለት ጊዜ ተጭናችሁ 1 ስትሉ ዲግሪ ይሆናል። በኢኤስ ተከታታዮቹ ላይ ሺፍት፣ ሞድ፣ ከዚያ 3 ነው። ምን እንደነካችሁ ካልገባችሁ በኤምኤሱ ላይ ሺፍት፣ ሞድ፣ 3፣ እኩል ይሆናል በሉት፤ ሁሉም እንደ ፋብሪካው ይሆናል። ሚሞሪ ላይ ያስቀመጣችሁት ቁጥር ካለ ግን አብሮ ይጠፋል።

ኅዳር የቅንፍ ወር ነበር። ውርጩ ጣት የሚያደነዝዝበት ወር ስለሆነ ቅንፍ ረስቶ ሰበቡን በብርድ የሚያሳብብም አልጠፋም። ኔጌቲቭ 3ን ያለ ቅንፍ ስኩዌር ብታደርጉት ኔጌቲቭ 9 ይላችኋል፣ በቅንፍ 9። ሳይን 30 ብላችሁ ወዲያው ስኩዌር ብትጫኑ የኤምኤስ ካልኩሌተር መጀመሪያ 30ን ስኩዌር ያደርገዋል፤ የሳይን 900ን ነው የሚሰጣችሁ፣ እሱም ዜሮ ነው። የፈለጋችሁት 0.25 ነበር። 6÷2(1+2) የሚለውን ደግሞ ሞክሩት፤ አንዱ ካልኩሌተር 9 ይላል፣ ሌላው 1 ይላል። የማባዛት ምልክቱ ሲቀር ማን ይቀድማል የሚለውን ሁሉም አንድ ዓይነት አድርገው አልሠሩትም። ትክክሉ የቱ ነው ብለው ሲከራከሩ ደወል ተደወለ። የኔ መልስ አጭር ነው፤ እንደዚያ አትጻፉ፣ ቅንፍ ጨምሩ።

የሳይን ኢንቨርስ ነገርም አለ። በተኑ ላይ በላይ በኩል ኔጌቲቭ 1 ስላለ ብዙ ልጅ 1 ሲካፈል ለሳይን ይመስለዋል። አይደለም። ሺፍት ሳይን 0.5 ብትሉ 30 ይላችኋል፣ ማዕዘኑን ነው የሚመልሰው። 1 ሲካፈል ለሳይን 30 ግን 2 ነው። ሺፍት ሳይን 2 ብትሉ ማዝ ኤረር ይመጣል፤ ሳይኑ 2 የሆነ ማዕዘን የለማ።

ለኬሚስትሪ የሚጠቅመው የኤክስፖነንት በተን ነው። 6.02 ሲባዛ 10 በ23 ለመጻፍ 6.02፣ ኤክስፕ፣ 23 ይበቃል። «ሲባዛ 10» በበተኑ ውስጥ አለ። አንዳንዱ ልጅ ግን 6.02 ሲባዛ 10 ብሎ ከዚያ ኤክስፕ 23 ይጫናል፣ መልሱም አሥር እጥፍ ይበልጣል። 1ን ለ200 አካፍሎ 5 አገኘሁ ያለችም ነበረች። እስክሪኑን ዳር ድረስ ብታይ 10 በኔጌቲቭ 3 የሚል አለ፤ 0.005 ማለት ነው። በኤምኤሱ ሞድ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 2 ብትሉ 0.005 ብሎ ይጽፍላችኋል።

ዓመቱን ያደመቀው ግን ባሕረ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ የኔ አልነበረም። ከክበቡ ልጆች አንዱ ዲያቆን ነው፣ የኔታ ዘንድ ተምሮታል። ቀሪ ማግኘት ስናስተምር «ቲቸር፣ ይሄ እኮ በዓል ማውጫ ነው» አለና ሰሌዳውን ተረከበኝ።

የመጪውን 2018ን መስከረም 1 እናውጣ። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518፤ ይህ ዓመተ ዓለም ነው። ለ4 ሲካፈል ሙሉው 1879፤ መጠነ ራብዒት ይባላል። ሁለቱ ሲደመሩ 9397። ይህን ለ7 አካፍሎ የሚተርፈውን ማየት ነው። 1 ከተረፈ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ።

ካልኩሌተሩ ግን ቀሪ አይናገርም። 1342.428571 ብሎ ዝም ይላል። ዘዴው ይህ ነው፦ ሙሉውን 1342 ቀንሱ፣ የቀረውን ክፍልፋይ በ7 አባዙ። 3 ይመጣል። ሐሙስ! እዚህ ላይ የመጨረሻውን መልስ የሚያስታውሰው የአንሰር በተን ጥቅም ታየ። አንሰር ሲቀነስ 1342፣ ከዚያ ሲባዛ 7 ያለው ልጅ ጥርት ያለ 3 አገኘ። 0.428571ን ከእስክሪኑ ላይ ገልብጦ እንደገና የጻፈው 2.999997 አገኘ። ካልኩሌተሩ ከሚያሳየው የበለጠ አሃዝ በሆዱ ይይዛል። መልስ ገልብጣችሁ አትጻፉ ብዬ ዓመቱን ሙሉ ብለፈልፍ እንደዚያች ቀን አይገባቸውም ነበር።

ዲያቆኑ ቀጠለ። 7518ን ለ19 ሲያካፍል 13 ተረፈ፣ አንድ ሲቀንስ ወንበር 12። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ፣ ማለት ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ፣ አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው፤ አባቶች ማረጋገጫውን እዚያው አብረው ሠርተውታል። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፣ መስከረም 18 እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7፣ ድምሩ 25። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ከዚያ 69 ቀን በኋላ ሚያዝያ 4። ልጆቹ በተን እየተጫኑ ሲከተሉት እሱ በጣቱ አንጓ ቀደማቸው። ያ ባልደረባዬ በር ላይ ቆሞ ነበር። ምንም አላለም፣ ፈገግታው ግን ይታይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ስታቲስቲክስ ሞድ ላይ የጠዋት ሙቀት ብለን 4፣ 7፣ 2፣ 5፣ 3 አስገባን። ቁጥሩን ጽፎ ኤም ፕላስን መጫን ነው። አማካዩ 4.2። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ሁለት ዓይነት ይመጣል፤ ለ5 ሲካፈል 1.72፣ ለ4 ሲካፈል 1.92። መጽሐፋችሁ የትኛውን እንደሚፈልግ ፎርሙላውን እዩ። አዲስ ዳታ ከማስገባታችሁ በፊት አሮጌውን ማጥፋት አትርሱ፣ አለበለዚያ የትናንቱ ከዛሬው ይቀላቀላል። ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ ቁጥሩ ያሉት ሁሉ ሲባዙ) ላይ ደግሞ የትኛው ቁጥር ነው ካልኩሌተሩን የሚያንቀው ብለን ተወራረድን። 69 ፋክቶሪያልን ይሠራል፣ 1.711 ሲባዛ 10 በ98። 70 ላይ ማዝ ኤረር ይላል፣ ምክንያቱም መልሱ ከ10 በ100 ያልፋል፤ እስክሪኑም ማሽኑም ያን አይችልም።

የፊዚክስ መምህራችን አንድ ረቡዕ መጥተው የኢ (2.718 ገደማ የሆነው ቋሚ ቁጥር) በተንን አሠሩልን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቷን ለማውጣት የባሕር ጠለሉ ግፊት 101.3 ሲባዛ ኢ በኔጌቲቭ 2840 ሲካፈል ለ8400፣ ቅንፉን ሳይረሱ። 72 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይመጣል። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ እንኳን አይሞላም ማለት ነው፣ ውሃ እዚህ 90 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም ለዚህ ነው። ባቄላ ለምን ቶሎ አይበስልም ለሚሉ እናቶች መልስ ይዘው የሄዱ ልጆች አሉ። እናቶቹ ግን መልስ ሳይሆን ማገዶ ነው የሚፈልጉት፣ ይህም ተነግሮናል።

ያልተሳካም አለ። ፖል እና ሬክ የሚሉትን በተኖች (ነጥብን ከኤክስና ዋይ ወደ ርቀትና ማዕዘን፣ ከዚያም ወደ ኋላ የሚቀይሩትን) ጀምረን ተውናቸው፤ ቬክተር ያልተማሩት ልጆች ግራ ተጋቡ። ላን እና ሎግን መለየትም ገና ነው። ሎግ ቤዙ 10፣ ላን ቤዙ ኢ መሆኑን ያውቁታል፣ ፈተና ላይ ግን እጃቸው ወደ ቅርቡ በተን ይሄዳል። ሎግ 8 በቤዝ 2 ሲባሉ ሎግ 8 ሲካፈል ለሎግ 2 ብለው 3 የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። እንዲያውም ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ አንድ ሁለት ሳምንት አስይዤ ብጀምር ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ ሰንጠረዡን ያነበበ ልጅ በተኑ ምን እንደሚሠራለት ያውቃል።

በመስከረም የምንጀምረው ከዚያው ነው። ካልኩሌተር የሌላችሁም ተመዝገቡ፣ ጥንድ እናገኝላችኋለን። ደብተርና እርሳስ ግን ግድ ነው፣ ግምቱ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነውና። ላቦራቶሪ ውስጥ የተረሳ አንድ ካልኩሌተር እኔ ዘንድ አለ፤ ክዳን የለውም፣ ጀርባው ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ባለቤቱ ክረምቱ ሳይገባ ይምጣና ይውሰድ። ለነገሩ ግራድ ላይ ነበር፣ ወደ ዲግሪ መልሼዋለሁ።