«አፈሩ ነው» የሚለው ምክንያት ሕግ ፊት አይሠራም

ክቡር አዘጋጅ፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ አዲስ ቤት ሠርቶ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ሰው ለማግኘት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ኮንትራክተሩ ሲጠየቅ «አፈሩ ነው እንጂ ሥራው ምንም አይልም» ይላል። ባለቤቱም አምኖ ስንጥቁን አስመርጎ ዝም ይላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ዝምታ ነው።

መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ይህን የእነዋሪ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ለሥራው የሚከፈለው ባለሙያ እንዴት አላወቅሁም ይላል? ሕጉም ይህን አይቀበልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ ነው ይላል። በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን፣ ቤቱ ባረፈበት መሬት ጠባይ ለሚመጣ ጉዳትም ይጠየቃል። ውሉ ላይ «ዋስትናው አንድ ዓመት ብቻ ነው» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ አይጸናም።

ግን 10 ዓመቱ የሚቆጠረው ከርክክብ ነው። ብዙ ሰው ቁልፍ ተቀብሎ ይገባል እንጂ ቀን የሰፈረበትና ሁለቱም የፈረሙበት ወረቀት የለውም። ፍርድ ቤት ሲደረስ ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል።

ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ «ብረት ጨመረ» ብሎ ሥራ ማቆም አለ። የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1764 ግዴታው ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውል አይፈርስም ይላል። ሆኖም በኪሳራ የሚሠራ ሰው ብረት መቀነሱ አይቀርም፤ ያ ደግሞ ለባለቤቱ የባሰ ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲጨምር ማን ምን ያህል እንደሚሸከም መጀመሪያውኑ ይጻፍ። ክፍያውም ሥራው እየተለካ ይሁን።

ጉዳዩን በግልግል ዳኝነት መጨረስ የሚፈልጉም ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉት። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ «ሽማግሌ ይዳኘን» ብሎ በቃል መግባባት አይበቃም።

ማዘጋጃ ቤታችን የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ የውልና የርክክብ ቅጽ አብሮ ቢሰጥ ብዙ ወጪ አይጠይቀውም። የመኖሪያ ቤት ሠሪ ማኅበራትም ቅድሚያ ክፍያ ከመልቀቃቸው በፊት ቅጹን ያስፈርሙ።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን