ለአባባ፣ ከሐዋሳ

ውድ አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

በስልክ ስለ ቴኒሱ ስነግርዎ «የሀብታም ጨዋታ አይደለም እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅም አይደለም። የስፖርት መምህር የነበረ ሰው ደንቡን በደንብ ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ ልጻፍልዎ አልኩ።

የሀብታም ያሉትን መጀመሪያ እናንሳው። የምንጫወተው ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ክበብ ውስጥ ነው። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ ቀለሙ ለቋል፣ ጥግ ጥጉ ተሰነጣጥቋል። ራኬት የሌለው ከክበቡ ይዋሳል። እኔም የምጫወተው በውሰት ነው። ክፍያው ለሁለት ሰው ምሳ ከሚወጣው አይበልጥም። ከሚመጡት ውስጥ ነርስ አለች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠራ ልጅ አለ፣ ባጃጅ የሚያከራይ ሰውዬም አለ። ሀብታም ቢኖርም ሁሉም ቁምጣ ለብሶ ስለሚመጣ አይለይም።

ደንቡን በመረብ ኳስ ልኬት ልንገርዎ። የእርስዎ መረብ ለወንዶች 2 ሜትር ከ43 ነው። የቴኒሱ መሀሉ ላይ 91 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሲያዩት ሕፃን የሚዘለው ይመስላል። የእኔ ኳስ ግን እሱን ፈልጎ ነው የሚመታው። ሜዳው 23.77 ሜትር ይረዝማል፤ በጥንድ ሲሆን ስፋቱ 10.97 ነው። ኳሱ መሬት አንዴ ብቻ ቢነጥር ይፈቀዳል። ሰርቭ ሲያደርጉ፣ ማለትም ኳሱን ሲያስጀምሩ፣ ከመጨረሻው መስመር ኋላ ቆመው በሰያፍ ወዳለው ሳጥን ይልካሉ፤ የመጀመሪያው ቢበላሽ ሁለተኛ ዕድል አለ። ነጥቡ 15፣ 30፣ ከዚያ 40 ነው። አዎ፣ 45 አይደለም። ይህን ሲያነቡ መነጽርዎን አውልቀው ጭንቅላትዎን እንደሚነቀንቁ አውቃለሁ።

ሌላው ጉድ ከፍታው ነው። አየሩ ሲሳሳ ኳሱን የሚይዘው ነገር ይቀንስና ይበርራል። ዓለም አቀፉ ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የተለየ ኳስ አለው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ነች። እኛ የምንጫወተው ግን ገበያ ላይ በተገኘው ነው። ስለዚህ ጠንከር አድርጎ የመታ ሁሉ አጥር ይዘላል፤ ከምንጫወትበት ሰዓት ኳስ የምንለቅምበት ይበልጣል። ደሴ ቢሆን ኖሮ ጦሳ ተራራ ላይ ወጥተን ነበር የምንለቅመው።

የምንጫወተው በማለዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል፣ ያኔ ለጀማሪ የሚሆን ነገር የለም። ጦጣዎቹ ግን ሰዓት አይመርጡም። ቦርሳ ክፍት ከተገኘ ሙዝ ደህና ሰንብት።

አሁን ወደሚገርመው ልምጣ። አራታችን በጥንድ እንገባለን። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ሰርቭ ካደረገ በኋላ ጥንዱ ይፈርሳል፣ ሌላ ይጣመራል። ጎበዙን ከጀማሪ ጋር ያደርጉታል። ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው የግዱን እኔን እየመከረ፣ «አይዞሽ፣ የአንቺ ነው፣ ተይ የኔ ነው» እያለ መጫወት አለበት። በአንድ ጠዋት ከሁሉም ጋር ይዳረሳሉ። እዚህ ስመጣ ከመሥሪያ ቤት ሰዎችና ከአከራዬ ሌላ ማንንም አላውቅም ነበር፤ እርስዎም «ሰው አገር ብቻሽን» እያሉ ይጨነቁ ነበር። አሁን ገበያ ስወጣ ስሜን ጠርቶ የሚያስቆመኝ ሰው አለ።

ዳኛም የለም። ልብ ይበሉ፣ የለም! ኳሱ የወደቀበት ወገን ነው «አውት» ወይም «ገብቷል» የሚለው። መስመር ከነካ ገብቷል። በደንብ ካላዩት ነጥቡ ለተቃራኒው ይሰጣል። እርስዎ ስንት ዓመት ፊሽካ ነፍተው፣ ሰው በራሱ ላይ ይፈርዳል ብዬ ስነግርዎ እንደማያምኑኝ ይገባኛል። እኔም አላመንኩም ነበር። ግን አብዛኛው ሰው ይፈርዳል። መስመር ዳር የወደቀ ሁሉ «አውት» የሚሆንበት አንድ ሰውዬ አለን። እንዲህ ያለ ሰው የትም አይጠፋም። ማንም አይጨቃጨቀውም፤ ብቻ ከእሱ ጋር ሲጫወቱ ኳሱን ወደ መሀል መላክ ነው።

ከሁሉም የሚበልጡት ግን አንድ ጡረተኛ ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ስለዚህ አይሮጡም። የሚያስሮጡት እኛን ነው። ወደ መረቡ ስንጠጋ ከጭንቅላታችን በላይ ቀስ አድርገው ከፍ ያደርጉታል፤ ወደ ኋላ ስንሸሽ መረቡ ሥር ጠብ ያደርጉታል። እኛ ስናለከልክ እሳቸው ላብ እንኳ የላቸውም። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራው ጎረምሳ ኃይሉን ሁሉ አውጥቶ ይመታል፣ እሳቸው ራኬታቸውን ደግነው ብቻ ይመልሱለታል። በመጨረሻ ራሱ መረብ ውስጥ ይከተዋል። እስኪ እርስዎ ኖረው ባዩት እያልኩ ነው የማያቸው።

ሲያልቅ የተመቸን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርደን የአሳ ሾርባ እንጠጣለን። ቃሪያ በዛ ያለበት። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ትርፍራፊ እየጠበቁ አጠገባችን ይቆማሉ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ለሾርባው ብቻ የሚመጡም አሉ።

ጥር ላይ ይምጡ። ሐኪሙ «እግርዎን ያንቀሳቅሱ» ካለዎት፣ የሐይቁ ዳር መንገድ ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም። ማለዳ ከእኔ ጋር ወጥተው ጥላ ሥር ወንበር ይይዛሉ፤ ጋሼም የሚያወጉት ሰው ያገኛሉ። ፊሽካውን ግን እዚያው ይተዉት። የትራንስፖርቱን ገንዘብ በወንድሜ በኩል እልካለሁ። ለእማማ የሚሆን ቡና ከሲዳማ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ ሲመለሱ ይዘውላት ይሄዳሉ።

ለሁሉም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ልጅዎ