የአንጀት ባክቴሪያና የኮቪድ መጽናት፦ የትኛው ቀደመ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

በጤና አምዳችሁ ላይ ኮቪድ የሚጸናው «ጥሩ ባክቴሪያ» አንጀታቸው ውስጥ ባነሰ ሰዎች ላይ ነው የሚል ጽሑፍ አንብበናል። ግማሹ ልክ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ማለትም ሕመሙን ያጸናው የባክቴሪያው ማነስ ነው የሚለው፣ ግን አንባቢን «ጥሩ ባክቴሪያ» ፍለጋ በቀጥታ ወደ ፋርማሲ የሚሰድ ስለሆነ ይህን መጻፍ ግድ ሆነብን።

ልዩነቱ መኖሩ አያከራክርም። በሆንግ ኮንግ 100 የኮቪድ ሕሙማንን ኮቪድ ካልያዛቸው 78 ሰዎች ጋር ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ፊካሊባክቴሪየም ፕራውስኒትዚ፣ ዩባክቴሪየም ሬክታሌና ቢፊዶባክቴሪየም የተባሉት ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎች በሕሙማኑ ሰገራ ውስጥ ማነሳቸውን አሳይቷል። ሕመሙ በጠና መጠን መዛባቱም ይብሳል፤ ካገገሙ በኋላ እስከ 30 ቀን በተወሰዱ ናሙናዎችም አላንሰራሩም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሆድ ያልፈጨውን የምግብ አሰር አብላልተው ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይሠራሉ። የትልቁ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት ዋና ማገዶ ቡቲሬት ነው፤ ሲያንስ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ብግነትም ይባባሳል።

ታዲያ የትኛው ቀደመ? በጠና የታመመ ሰው ሆስፒታል እንደደረሰ ብዙ ጊዜ ሴፍትሪያክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ ይጀመርለታል። ኦክስጅን ላይ ሆኖ እህል አይቀምስም፤ ማስታገሻው አንጀቱን ያሳስረዋል። የመጀመሪያው ሰገራ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቢመጣ፣ ናሙናው የሚያሳየን የቫይረሱን ሥራ ነው ወይስ የሴፍትሪያክሶኑን? ቀለል ያለበት ግን ቤቱ ሽሮውን እየበላ በዚያው ቀን ናሙና ይሰጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ባክቴሪያው ስላነሰ ጠናበት» ማለት አያስኬድም። በሌላ በኩል፣ መድኃኒቱ ብቻ ነው ጥፋተኛው ማለትም ስህተት ነው። በ2022 በኒው ዮርክና በኒው ሄቨን 96 ሕሙማን ላይ የተሠራው ጥናት አይጦችንም በቫይረሱ ብቻ ለክፎ ነበር፤ አንቲባዮቲክ ሳይነካቸው የአንጀታቸው ባክቴሪያ ተዛብቷል። ከሕሙማኑም በአንዳንዶቹ የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ደም ሳይገባ አልቀረም።

ቁጥሩን ማንበብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰገራው ያሉትን ባክቴሪያዎች የሚለየው የዘረመል ምርመራ ባብዛኛው የሚሰጠው የእያንዳንዱን ድርሻ እንጂ ብዛት አይደለም። ቁና ውስጥ እኩል ጤፍና ስንዴ አለ እንበል። ጤፉን ግማሽ ብንቀንሰው የስንዴው ድርሻ ከ50 በመቶ ወደ 67 ይወጣል፤ አንዲት ፍሬ ስንዴ ግን አልተጨመረችም። «መጥፎው ባክቴሪያ በዛ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

ወደ ፋርማሲው እንመለስ። ፊካሊባክቴሪየም አየር ሲነካው የሚሞት ስለሆነ ተራ ካፕሱል ውስጥ አይገኝም፤ የሚሸጠው ባብዛኛው ላክቶባሲለስ ነው፣ ማለትም የጎደለው ሌላ፣ የምትገዙት ሌላ። እንጀራም «ሕያው ባክቴሪያ አለው» መባሉ አያስኬድም፤ እርሾው ሊጡ ውስጥ እያለ ሕያው ነው፣ ምጣዱ ላይ ግን ሙቀቱ ወደ ውኃ መፍያ ስለሚጠጋ ይሞታል። የእንጀራው ጥቅም ከሽሮው፣ ከምስሩና ከባቄላው ጋር የሚያስገባው አሰር ነው። እርጎ ሕያው ባክቴሪያ አለው፤ ወተቱ ሳይፈላ ከረጋ ግን ብሩሴላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያም አብሮ ሊመጣ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ጉንፋን በያዘን ቁጥር የምንውጠው አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ነው። ቫይረስ አይገድልም፤ በእንግሊዝ ከ7,700 በላይ የኮቪድ ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ሞትን እንደማይቀንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እንደገለጸው፣ ሆስፒታል ከተኙ የኮቪድ ሕሙማን አንቲባዮቲክ የሚያሻው የባክቴሪያ ተጓዳኝ ኢንፌክሽን የነበረባቸው 8 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ግን ከአራት ሦስቱ ናቸው።

ስለ አንጀት ባክቴሪያ በድጋሚ ስትጽፉ ናሙናው የተወሰደው ከአንቲባዮቲኩ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን እባካችሁ ጨምሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕክምና ማይክሮባዮሎጂ ሙያ የምንሠራ አንባቢዎቻችሁ